ስለ ጣርማ በር መንገድና ስለ አንድ እምቢተኛ ብሎን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚወርደው አውራ ጎዳና ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቀን ውስጥ የሚያሳይ መንገድ ነው። ጧት በቀዝቃዛው የሸዋ ሜዳ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ፥ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከሙቀቱ የተነሣ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍ ያለ ስፍራ ጣርማ በር ይባላል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ሲደርሱ ሜዳው በድንገት ያልቅና ምድሪቱ ገደል ትሆናለች፤ ጉም በሌለበት ቀን የቆላው አገር እስከ ዓይን ዳርቻ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል።

መንገደኛው ወደዚህ በር ከመድረሱ በፊት በደብረ ብርሃን ያልፋል። ይህችን ከተማ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ቈረቈሯት የታወቀ ነው። በዘመናችን ደግሞ ስሟ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ይነሣል፤ ብርድ ልብስ በብርድ አገር መሠራቱም የተገባ ነው እንላለን። ከዚያ ወዲያ የገብስ ማሳ፥ የድንጋይ ካብና የበግ መንጋ ይቀጥላል፤ እረኞቹም ባና ተከናንበው ከመንገዱ ዳር ቆመው ያልፈውን ሁሉ ይመለከታሉ። በዚህ ሜዳ ላይ የሚነገር ብዙ ነገር አለ፤ ዛሬ ግን ጉዳያችን ከዚያ በላይ ባለው አፋፍ ላይ ስለ ሆነ ቶሎ እናልፈዋለን።

በጣርማ በር ጉም የሚበዛበት ምክንያት ይህ ነው። ከቆላው የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን ተደግፎ ወደ ላይ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በቀዘቀዘም ጊዜ በውስጡ ያለው ተን ጉም ይሆናል። ይልቁንም በበልግ ወራት አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን ለማየት የሚቸገርበት ሰዓት አለ። አፋፉን ወግቶ የሚያልፈው ዋሻ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተሠራ ነው። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ዋሻው ቀረ፤ ከዋሻውም ጋራ ቃላቱ ቀሩ። ከዚህ መንገድ ዳር ባሉት ጋራዦች የሚሰማው ብሎን፥ ዳዶ፥ ሮንዴላ፥ ካቻቢቴ፥ ክሪክ ሁሉ የኢጣልያ ቃል ነው። ካቻቢቴ ማለት በቋንቋቸው «ብሎን አባራሪ» እንደ ማለት ይሆናል። እኛም በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም የፈረንጅ ሰዋስው ተምረን ያደግን ሰዎች ስለ ሆንን፥ ቃል ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን የእነዚህን ቃላት ዋጋ ያወቅነው በመጽሐፍ ሳይሆን በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም. በዚህ በኩል የተጓዝነው ለሽርሽር አልነበረም። የባለቤታችን አክስት ታናሽ ወንድም በኮምቦልቻ ዐርፎ፥ መርዶው ማታ ደረሰን። ቀብሩ በማግሥቱ በ9 ሰዓት እንዲሆን ተወስኗል። አክስቲቱ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ፥ ከእናታቸው ልጆች የቀሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ቃል ሳይናገሩ «እኔ ሳላየው አፈር እንዳይመለስበት» እያሉ አደሩ። በ11 ሰዓት ሌሊት በባለቤታችን ታናሽ ወንድም መኪና ተነሣን። መኪናዋ በከተማችን «ዲኤክስ» እየተባለች የምትጠራው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን፥ ከብዙዎቻችን አንባብያን ጋራ የምትተዋወቅ ስለ ሆነ መልኳን መግለጽ አያስፈልግም።

ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን ከዋሻው ሳንደርስ በግራ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጉሙ ወፍራም ነበር። የኮሮላ ጎማ በአራት ዳዶ ይታሰራል፤ ዳዶ የሚባለውም ከብሎኑ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ የሚገባው ስድስት ማዕዘን ያለው ብረት ነው። ሦስቱ እንደ ደንቡ ተፈቱ፤ አራተኛው ግን አልንቀሳቀስ አለ። ወጣቱ በጉልበቱ ሞከረ፥ በእግሩም ቆመበት፤ በኋላም በመፍቻው ላይ ዘለለ። የመፍቻው አፍ ተንሸራተተና የዳዶውን ማዕዘን ላጨው። አክስቲቱ ከመኪናው ውስጥ ሆነው የእጅ ሰዓታችንን ይጠይቁናል። ሰው የጫኑ አውቶቡሶች መብራታቸውን አብርተው በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ሁሉም ሞልተዋል።

በዚህ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ነጂው ከ50 ዓመት ያላነሱ ሰው ናቸው፤ ወርደው ሰላምታ ከሰጡን በኋላ ዳዶውን በጣታቸው ዳሰሱትና፥ «አትዝለልበት ልጄ» አሉት ለወጣቱ። «ማዕዘኑን ጨርሰህ ከላጨኸው መፍቻ የሚይዘው ነገር አታገኝለትም።»

ሥራቸውን በቅርብ ሆነን ተመለከትን፤ ለአንባብያንም ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው እንጽፈዋለን። በመጀመሪያ መኪናው በክሪክ እንዳይነሣ ከለከሉ፤ ጎማው መሬት ካልረገጠ ሰው በሚታገልበት ጊዜ ይዞራልና፥ መኪናውም ከክሪኩ ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛም የተፈቱትን ሦስት ዳዶዎች መልሰው ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖብን ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ ሸክሙ ሁሉ በአንዱ ብሎን ላይ ከዋለ ብሎኑ ይጎብጣል፥ የጎበጠም ብሎን የበለጠ ይነክሳል አሉን። ሦስተኛም ከመቀመጫቸው ሥር ነጭ ጋዝና የመሪ ዘይት ግማሽ በግማሽ የተደባለቀበት ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው፥ በዳዶውና በብሎኑ መጋጠሚያ ላይ ጠብታ በጠብታ አፈሰሱ። ወፍራም ዘይት በጠባብ ስፍራ አይገባም፤ ነጭ ጋዝ ግን ቀጭን ስለ ሆነ ዝገቱን እየሰነጠቀ ይገባል፥ የመሪውንም ዘይት ይዞት ይገባል። ከዚያም በመዶሻ ዳዶውን ፊቱንና ጎኑን ቶሎ ቶሎ፥ ነገር ግን በቀስታ መቱት። የመዶሻው ሥራ መስበር ሳይሆን ዝገቱን ማንቀጥቀጥና ለዘይቱ መንገድ መክፈት ነው።

«አሁን ግማሽ ሰዓት ተዉት» አሉ። «በየዐሥር ደቂቃው ዘይቱን ጨምሩለት፥ ነካ ነካ አድርጉት። ከዚያ በዚህ ፍቱት» ብለው ስድስቱን ማዕዘን ዙሪያውን የሚያቅፍ ባለ 21 መፍቻ ሰጡን። «በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፥ ቀጥሎ ወደ መፍቻው።»

ግማሽ ሰዓት የሚለውን ቃል አክስቲቱ ሰሙት። የመኪናውን በር ራሳቸው ከፍተው፥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በጉሙ ውስጥ መጡ።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ኮምቦልቻ ነኝ፥ እማማ።»

«እንግዲያስ እኔን ውሰደኝ። ወንድሜ ዛሬ ይቀበራል።»

ነጂው አንድ ጊዜ እኛን አዩን፤ ከዚያም ረዳታቸውን ጠሩ። እውነቱን ለመናገር እኛ ወደ መከልከሉ አዘንብለን ነበር። የማናውቀው ሰው፥ የማናውቀው መኪና፥ ከፍ ያለ መወጣጫ፥ የአሮጊት ጉልበት፤ ይህን ሁሉ ማሰብ የቤተ ሰብ አባት ግዴታ ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ከሌላው አብልጠን እናነባለን። አክስቲቱ ግን መልሳችንን አልጠበቁም፤ መወጣጫውን ይዘው አንድ እግራቸውን አንሥተው ነበር። ስለዚህ ባለቤታችን አብራቸው እንድትሄድ ሆነና፥ ረዳቱ ስፍራውን ለቅቆ ከጭነቱ ላይ ወጣ። ቀጭን ልብስ የለበሰ ልጅ ነበር፤ ጋቢያችንን ሰጠነው። መኪናው ገና ሩቅ ሳይሄድ ጉሙ ሸፈነው፤ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ብቻ ተሰማን።

ከዚያ በኋላ እኛና ወጣቱ ከብሎኑ ጋራ ቀረን። ጉሙ አንድ ጊዜ ገለጥ ሲል ከበታቻችን ባለው የገደል ሣር ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። ይህ ፍጥረት ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የማይገኝ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቆመን ስናየው በዋልን ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይናችን ከሰዓቱና ከጠርሙሱ አልራቀም።

ጊዜው ሲደርስ ወጣቱ በተነገረው መሠረት በመጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ገፋው። ዳዶው ጮኸ። ወደ መፍቻው መለሰው፤ አንድ ሩብ ዙር ተንቀሳቀሰ። ደስ አለን፤ ዘይት ጨመርንለት፥ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ወደ ፊት አመጣው፤ ግማሽ ዙር ሆነ። በሦስተኛው ግን እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ተሰማና መፍቻው ከነዳዶው በእጁ ላይ ቀረ። ብሎኑ ተሰብሮ ነበር።

«ጋሼ፥ ገደልኩት» አለ ወጣቱ፥ ፊቱ ዐመድ መስሎ።

እኛ ግን ጎማው ነጻ መውጣቱን አይተን ነበርና አጽናናነው። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርገን፥ መኪናውን በክሪክ አንሥተን፥ ትርፉን ጎማ በሦስት ዳዶ አሰርን። በሦስት ዳዶ ረጅም መንገድ መሄድ አይገባም፤ ቀስ ብሎ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ድረስ መውረድ ግን ይቻላል። እንዲሁ አድርገን በዋሻው ውስጥ አለፍንና፥ ከሰው እርምጃ ጥቂት ፈጠን ብለን ቁልቁለቱን ወረድን።

ደብረ ሲና ከገደሉ ወገብ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቆሎዋ በመንገደኛ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ፥ መኪና በቆመ ጊዜ ልጆች ቆሎ ይዘው ይከቡታል። ከመንገዱ ዳር ባለ አንድ ጋራዥ ፀጉራቸው የሸበተ መካኒክ አገኘን። የተሰበረውን ቁራጭ ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ብርሃኑ ካዞሩት በኋላ፥ «ይህ ዛሬ የተሰበረ አይደለም» አሉ።

ጠጋ ብለን እንድናይ አደረጉን። በስብራቱ ፊት ላይ በአንድ ወገን እንደ ጨረቃ ግማድ ያለ ጥቁር የዛገ ስፍራ አለ፤ የቀረው ግን እንደ ብር ያበራል። የሚያበራው ያን ቀን ጧት የተሰበረው ነው፤ የጠቆረው ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ተሰንጥቆ ውሃና አየር ሲገባበት የኖረው ነው። ይህን ነገር ወደድነው። በመዝገብ ቤትም አንድ ሰው በአሮጌ ውል ላይ ኋላ የጨመረው ቃል እንዲሁ በቀለሙ ይታወቃልና።

መካኒኩ በመቀጠልም ዳዶውን ከቁራጩ ላይ በሞርሳ ይዘው በብዙ ድካም ከፈቱት በኋላ ጥርሱን አሳዩን። ጥርሱ ተጨፍልቆ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቷል። «ጥርሱን ስቶ ነው የገባው፥ ጌታዬ» አሉ። «በእጅ ቢጀመር ኖሮ ጣት ይነግረው ነበር። በአየር መፍቻ ነው የገፉት።» ወጣቱም ከጥቂት ወራት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ ጎማ ቤት ጎማ አስቀይሮ እንደ ነበረ፥ ሠራተኛውም መሣሪያውን ገና ዳዶው ሳይያዝ እንዳስጮኸው አስታወሰ። የዚያን ቤት ስም አንጽፍም፤ እንዲህ የሚያደርገው እርሱ ብቻ አይደለምና።

ብሎንና ዳዶ ለምን እንደሚጣበቁ ስንጠይቃቸው የመለሱልን ቃል፥ በኋላም በመጽሐፍ አይተን ያረጋገጥነው፥ እንዲህ ነው። የብሎን ጥርስ ማለት በእንጨት ላይ እንደሚጠመጠም ቀጭን ዳገት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ በዚያ ዳገት ላይ ይወጣል፥ ብሎኑንም እንደ ጅማት ይወጥረዋል። ከምናውለው ጉልበት ግማሹ ያህል ዳዶው ከተቀመጠበት ብረት ጋራ ሲፋተግ ያልቃል፤ ከቀረውም የሚበልጠው በጥርሱ ፍትጊያ ይጠፋል፤ ለማሰሩ ሥራ የሚተርፈው ከዐሥር አንድ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ፍትጊያው ጥቂት እንኳ ቢጨምር መፍታት እጅግ ይከብዳል። ዝገት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ዝገት ከተሠራበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ በጠባቡ ጥርስ መካከል አብጦ እንደ ሽብልቅ ይይዛል።

መካኒኩ ይህን እየነገሩን እጃቸው አልቦዘነም። በኮሮላ የኋላ ጎማ የተሰበረው ብሎን የሚወጣው ከኋላው ተመትቶ ነው፤ ለዚህም በቅድሚያ ታምቡር የሚሉት፥ የፍሬኑን ሸራ የሚሸፍነው ከበሮ መሰል ብረት መነሣት አለበት። እርሱም በተራው ዝጎ ተጣብቆ ነበር። ተማሪያቸው መዶሻ ሲያነሣ ከለከሉት፤ ታምቡሩ በኃይል ከተመታ ይሰነጠቃልና። የእጅ ፍሬኑን አስለቅቀው፥ ከታምቡሩ ፊት ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች በሽቦ ብሩሽ ጠረጉ። በእነዚህ ውስጥ ሁለት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች አስገብተው፥ አንዱን ሩብ ዙር፥ ሌላውንም ሩብ ዙር እያፈራረቁ አጠበቁ። ብሎኖቹ ከበስተ ኋላ ያለውን ብረት እየገፉ ታምቡሩን ወደ ውጭ አመጡት። አንድ ጊዜ ድም ብሎ ለቀቀ። የመኪናይቱ ሠሪዎች ቀዳዳዎቹን ለዚህ ሥራ ብለው አስቀድመው እንደ ተዉአቸው የሚያውቅ ባለ መኪና ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነበር። ቁራጩ በመዶሻ ወጣ፤ አዲሱ ብሎን ከኋላ ገብቶ፥ ከፊቱ ሮንዴላ ተደራርቦበት በዳዶ ተስቦ ከቦታው ተቀመጠ። ጎማው ከመታሰሩ በፊት መካኒኩ አዲሱን ዳዶ በሁለት ጣታቸው ብቻ እስከ መጨረሻው አስገብተው አሳዩን። ዳዶ በጣት የማይሄድ ከሆነ መፍቻ ሊነካው አይገባም አሉ። ግሪስ ይቀባ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጎማ ብሎን በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይቀባም፤ የተቀባ ጥርስ ስለሚንሸራተት በዚያው ጉልበት ብሎኑ ከልክ በላይ ይወጠራል።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቁጥር ብንጨምር አንባቢ አይቆጣንም። ለዚህች መኪና ጎማ የሚበቃው ማጥበቂያ፥ እጀታው ግማሽ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል ክብደት እንደ ማሳረፍ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያው እጀታ ጫፍ ላይ ሳይዘልል ቢቆም እንኳ ከሚገባው ከሦስት እጅ በላይ ይሆናል። ከመኪና ጋራ የሚሰጠው አጭር መፍቻ በእጅ ሲጫኑት ይበቃል፤ ስለዚህም ጎማ ሠሪው በእጀታው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ ሲያጠብቅ የሚያይ ባለ መኪና «ተው» ማለት መብቱ ነው። እኅቶቻችን ብዙ ጊዜ መኪናውን ይዘው ወደ ጎማ ቤት የሚሄዱት እነርሱ ሆነው ሳለ፥ ይህን ለመናገር ያፍራሉ፤ ማፈር የሚገባው ግን ሌላው ነው።

ዳዶዎቹ እየጠበቁ ሳለ በጠረጴዛው ላይ ከአንድ የሞተር ራስ ቁራጭ ጋራ ሲታገል የነበረውን ሁለተኛውን ተማሪ ተመለከትን። ይህ ከእኛው የከፋ ነገር ነበር። የጎማ ብሎን ቢሰበር ከኋላው ይመታል፤ በሞተር ራስ ውስጥ የተሰበረ ብሎን ግን ከኋላው በር የለውም፥ ከላዩም መፍቻ የሚይዘው አንገት አይተርፈውም። መካኒኩ እንደ ነገሩን እንዲህ ላለው ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በስብራቱ ልክ መካከል ላይ በመምቻ ምልክት አድርጎ፥ በቀጭን ፑንታ ሰርስሮ፥ ወደ ግራ በሚዞር ጥርስ የተሠራ ማውጫ ማስገባት ነው። ማውጫው በግራ ሲዞር እየነከሰ ይገባል፥ ብሎኑንም ይዞት ይወጣል። አደጋው ማውጫው እጅግ ጠንካራና ተሰባሪ ብረት መሆኑ ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም። መካኒኩ ስለዚህ እርሱን የሚወስዱት በመጨረሻ ነው።

ሁለተኛው ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ሰርስሮ አጥፍቶ አዲስ ጥርስ ማውጣት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ሦስተኛውና ተማሪው በዚያች ሰዓት የሚያደርገው ግን ለእኛ አስደናቂ ሆነ። በተሰበረው ቁራጭ ራስ ላይ አንድ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በብየዳ አጣበቀው። የሞተሩ ራስ አሉሚንዮም ስለ ሆነ የብረቱ ብየዳ እርሱን አይዘውም፤ ብሎኑንና ዳዶውን ብቻ አንድ ያደርጋል። ከብየዳው የሚነሣው ትኩሳትም ብሎኑን ያሰፋዋል፤ በረድ ሲል ደግሞ ሲሸበሸብ ከዝገቱ ይላቀቃል። ብረት የሙቀቱ ልክ በ100 ዲግሪ ቢጨምር አንዱ ሜትር በአንድ ሚሊ ሜትርና ጥቂት ብቻ ይረዝማል፤ ይህ ትንሽ መስሎ ይታያል፥ ዝገቱን ለመስበር ግን ይበቃል። ተማሪው ጥቂት ጠብቆ ትኩሱን ብረት በሻማ ነካው፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መካከል ሲጠጣ አየነው። ከዚያም ዳዶውን በመፍቻ ይዞ ጥቂት ወደ ቀኝ፥ ጥቂት ወደ ግራ አለው። ወጣ። ልጁ ግን ምንም ነገር እንዳልሆነ ሁሉ ቁራጩን ቆርቆሮ ውስጥ ጣለው፤ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ብንቆጥር ኖሮ የአንድ ዓመት የመንገዱ ታሪክ ይሆን ነበር።

እሳትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጎማ በላዩ ያለበትን ቸርኬ በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም። በጎማው ውስጥ ያለው አየርና ላስቲኩ ሲግሉ ጎማው እንደ ቦምብ ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል። በጓሮ ውስጥ በላምባና በችቦ የሚሞክሩ ልጆች ካሉ ይከልከሉ። ደግሞም አንዳንድ የቆዩ የጭነት መኪኖች በግራ ጎናቸው ያሉት የጎማ ዳዶዎች ጥርሳቸው ወደ ግራ የሚዞር እንደ ነበረ መካኒኩ ነገሩን፤ ይህን ያላወቀ ሰው እፈታለሁ ብሎ ሲያጠብቅ ይውላል።

ከደብረ ሲና ስንነሣ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ አርማንያ ይወርዳል፤ በየመታጠፊያው ሙቀቱ አንድ እርከን ይጨምራል። ሸዋ ሮቢትን እኛ ከማየታችን በፊት የምናውቃት በመዝገብ ነው፤ ወደ ማረሚያ ቤቷ የተላኩ ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ በእጃችን ተጽፏል። ከተማይቱ ግን ማንጎና ሽንኩርት የሞላባት፥ ሰዎቿም ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚጫወቱባት ሆና አገኘናት። አጣዬ ስንደርስ ወጣቱ መኪናውን አቁሞ አራቱንም ዳዶዎች እንደገና በመፍቻ ነካ፤ አዲስ ብሎን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ጥቂት ስለሚላላ እንዲህ እንድናደርግ አዘውን ነበርና። አንዱ እውነትም ስምንተኛ ዙር ያህል ጠበቀ።

ኮምቦልቻ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከቀብሩ የተመለሰው ሰው በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤታችን ከበሩ ላይ ተቀበለችንና፥ የጭነት መኪናው ቀብሩ ሊፈጸም ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደርሶ፥ ነጂውም ጭነታቸውን ትተው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ አሮጊቷን በክንዳቸው ደግፈው እንዳደረሱአቸው ነገረችን። አክስቲቱ የወንድማቸውን ፊት አይተዋል፤ ስማቸውን ሳይነግሩ የሄዱትን ሰው ስም ግን አልጠየቋቸውም ነበርና ይህ ነገር ሲቆጫቸው ዋለ። ጋቢያችን ተጣጥፎ፥ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፥ ከአጠገባቸው ተቀምጧል።

ከፊታቸው ጎንበስ ብለን «እግዜር ያጥናዎ፥ እማማ» አልናቸው። እጃችንን ይዘው ዘይት የነካውን ጣታችንን አዩና፥ በተዘጋ ድምፅ «ለመሆኑ ያ ብረት ተፈታላችሁ?» አሉን።

«ተሰብሮ ወጣ» ብንላቸው፥ «ኤዲያ!» ብለው እጃችንን ለቀቁና ከአጠገባቸው ቦታ ሰጡን።